በአሮጌው ሕንጻ ነፍስ የዘሩት እትዬ ሮማን

የውስጥ ዲዛይን ባለሙያዋ እትዬ ሮማን ማረፋቸውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ከአጭር ሕመም በኋላ እዚሁ አዳማ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ከቢሾፍቱም ከወለንጪቲም የመጣው ለቀስተኛ ስለ እሳቸው የሚያስቅ ነገር ያልነበረው አልነበረም። እኔም የምጽፈው በዚያው መንፈስ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አብረን ከሠራነው ሁሉ በጣም የሚወዱት በንጉሡ ዘመን የተሠራውን የቢሮ ሕንጻ ነበር። ውስጡን አድሰን፣ የግል ሥራ ያላቸው ሰዎች ጠረጴዛ ተከራይተው በጋራ የሚሠሩበት ዘመናዊ ቦታ እንድናደርገው ታዘዝን።

ሕንጻውን ከአባታቸው የወረሱት ኦቦ ቶሎሳ ሐሳባቸው የቆረጠ ነበር፤ ኮርኒሱ ዝቅ ይበል፣ መስኮቱ ሁሉ በማይከፈት መስታወት ይዘጋ። እትዬ ሮማን ግን ሕንጻውን ዞረው አይተው፣ «ይህ ቤት የአዳማን ሙቀት ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ጣሪያው ከፍ ያለው በከንቱ አይደለም» አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ አላመኑም። እኛም አንዱን ክፍል ልክ እንዳሉት ዘግተን፣ ኮርኒሱን በኮምፔርሳቶ ዝቅ አድርገን፣ በሚያዝያ ቀትር እዚያ እንዲሠሩ ጋበዝናቸው። መጀመሪያ ኮታቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ ክራቫታቸውን ፈቱ።

«እትዬ ሮማን፣ ይሄ ቢሮ ነው ወይስ የእንፋሎት መታጠቢያ?»

«የእርስዎ ዲዛይን ነው» አሏቸው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ኦቦ ቶሎሳ መስኮቱ ወደተከፈተው ክፍል ተሻግረው ነፋሱ ሲያገኛቸው፣ «ቶሌ፣ እሺ፣ እንደ እርስዎ ይሁን» አሉ።

በዚያው ወቅት የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ፣ የሚይዝልኝ አጥቼ ሥራዬን ልተው ነበር። «ልጅቷን ይዘሻት ነይ፤ ሥራችንን ታይልናለች» አሉኝ። እሷን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከአናጺዎቹ ጋር ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳጠባት አዩኝ። በማግስቱ ለኦቦ ቶሎሳ የታሰበው ባለ በረንዳ ክፍል፣ በፕላኑ ላይ የሚያጠቡ እናቶች ክፍል ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩ።

«እሱማ የአባቴ ክፍል ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ ቅር ብሏቸው።

«አባትዎ እዚያ ክፍል ማንን ነበር የሚያስተናግዱት?»

«ቸግሮት የመጣውን ሁሉ።»

«እኛም እሱኑ ነው የምንቀጥለው።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። የጠየቁት ስለ ግድግዳው ቀለም ብቻ ነበር። በምረቃው ዕለት ልጄን ታቅፈው፣ ክፍሉን ራሳቸው ያሰቡት ይመስል ለእንግዶቹ ያሳዩ ነበር። ወደ እትዬ ሮማን ዞር ስል፣ «ዝም በይ። ሐሳብ ሥር የሚይዘው ሰው የራሱ ሲያደርገው ነው» ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

እትዬ ሮማን፣ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን በወጉ አላመሰገንኩዎትም። ምስጋና ሲጀመርልዎ ጃንጥላዎን አንስተው ይወጡ ነበርና። ዛሬ ግን የትም አይሄዱብኝም፤ ይስሙኝ። ከሥራዬም ከልጄም ሳልለይ ያኖሩኝ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ። በሰላም ይረፉ፣ እትዬ።