የአባቴ ዋስትናና የአየር ጠመንጃ ሰደፍ

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ደወለና «አባ፣ ሥራ ለቀቅሁ» አለኝ። «ምነው፣ ምን ሆንህ?» ብለው፣ «ምንም፣ ሰለቸኝ። ያላ፣ በል አባ፣ በኋላ እንነጋገር» ብሎ ዘጋው። ሰለቸኝ! እንዲህ ተብሎም ሥራ ይለቀቃል ለካ። የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ከእስራኤል ሠራዊት እንደ ወጣሁ ቤኤር ቱቪያ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ተቀጠርሁ። ቤታችን ቂርያት ማላኪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ የሚተፋውን ካርቶን ስደረድር ውዬ፣ ነፍሴ የምትመለሰው በረንዳዬ ላይ የአየር ጠመንጃ ሰደፍ ሳድስ ነበር። ሞሪስ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ገደራ ውስጥ ኢላማ ተኩስ የሚለማመድበት ክበብ ነበረው፤ ብረቱን ነቅሎ እንጨቱን ብቻ ያመጣልኛል። የድሮውን ቫርኒሽ እፍቃለሁ። የጎደጎደውን እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ስጫነው እንጨቱ እንደ ሊጥ ይነፋል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በመዳፍ፣ በስሱ፣ በየቀኑ። እናቴ «ኧረ ይኼ ልጅ ቤቱን ተልባ ተልባ አሸተተው!» ትል ነበር።

የሞሪስ ሴት ልጅ ግራኝ ነበረች። ጉንጭ ማሳረፊያውን ወደ ቀኙ ጎን አዛውሬ፣ ከሌላ እንጨት ቀርጬ ገጠምሁላት፤ መጋጠሚያው በዓይን አይለይም። አንድ የያቭነ ከተማ አናጢ ክበቡ ውስጥ አይቶት፣ «ይህን የሠራው ሰው እሑድ እኔ ዘንድ ይጀምር፣ ሙያውን አስተምረዋለሁ» ብሎ ላከብኝ።

እየበረርሁ ለአባቴ ነገርኋቸው። «አይሆንም። ዋስ ሆኛለሁ» አሉኝ።

ለካ በተቀጠርሁ በሳምንቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ በእግራቸው ፋብሪካው ድረስ ሄደው ኖሯል። በአገራችን በጎንደር ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፤ እዚህ የሚጠራቸው ቢያጡ፣ ልጄ ዋስ የሌለው እንዳይመስል ብለው ራሳቸው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመው፣ «ልጄ አምስት ዓመት ከዚህ ንቅንቅ አይልም፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉት። ጎረቤታችን የሦስት ወር ዕብራይስጡን ይዞ አስተረጎመ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ እጃቸውን ጨበጣቸው።

«አባ፣ እዚህ አገር እኮ ዋስ የሚባል የለም!»

«ቃል የሚባል አለ» አሉኝ።

ቀረሁ። ምን አደርጋለሁ? የአባቴን ቃል አፍርሼ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? በጸደይ ከጋን ያቭነ እርሻዎች በኩል የብርቱካን አበባ ሽታ በፋብሪካው በር ሲገባ ካርቶኑን ጥዬ መውጣት ያሰኘኝ ነበር። ቀን እንደሚቆጥር እስረኛ ሆንሁ። ሰደፍ ማደሱንም ተውሁት፤ እንጨት በነካሁ ቁጥር ያቭነ ትዝ እያለኝ ተቃጠልሁ።

አምስት ዓመቱ በሞላ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «የአባቴ ዋስትና ዛሬ አበቃ፤ አሰናብተኝ» አልሁት።

«የምን ዋስትና?» ግራ ገባው። ሳስረዳው አስታወሰ። «እኒያ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ? ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ።

እቤት እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም። በሩን በርግጄ ገባሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽሁ። «ሰውየው አልሰማዎትም! ቃልዎን ማንም አልተቀበለዎትም! አምስት ዓመቴን በከንቱ በሉት!»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «አልሰማኝም?» አሉ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

የያቭነው አናጢ ሌላ ሰው ከያዘ ቆይቶ ነበር። እኔም ወደ ካርቶኔ ተመለስሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ለማንም ዋስ አልሆኑም። ለሽምግልና ሲጠሯቸው እንኳ፣ «ተውኝ፣ የኔን ቃል ማን ይሰማዋል» ይሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።

አምስቱን ዓመት ይቅር ካልኋቸው ቆየሁ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ጩኸቴ ነው። ቃላቸውን ጠብቄ አምስት ዓመት ችዬ ሳበቃ፣ በመጨረሻዋ ቀን አፌን መያዝ እንዴት አቃተኝ?