ወደ መልካ ጀብዱ የሄድኩበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ወጣት መልእክቱን ልታነብ ቆመች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር የጻፈው ነበር። ሥጋን ለእሳት አሳልፎ መስጠት እንኳ ያለ ፍቅር ከንቱ እንደሆነ የሚናገረው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት “ምነው፣ አመመሽ እንዴ?” አለችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅኩም።

ያንን ክፍል በአሥራ ሰባት ዓመቴ እኔም እዚያው ቆሜ አንብቤዋለሁ።

አባቴ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ማርታ ናት። ጠጉሬን የምትሠራኝ፣ በጠዋት ትኩስ ፋጢራ በማር የምታበላኝ፣ ጸሎት ያስጠናችኝም እሷ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አብዲ የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ባለችው መልካ ጀብዱ የሚኖር ሰው አገባችና እስላም ሆነች። አባባ ስሟ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ አዘዘ።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የቅዱሳንን ሕይወት ማንበብ ጀመርኩ። ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩን ሲስተር ጸጌ መጻሕፍት ያውሱኝ ነበር። የምወደው የሰማዕታቱን ብቻ ነው፤ አንበሳ ፊት የቆሙትን፣ እሳት ውስጥ ሆነው የዘመሩትን። እንደ እነሱ እንድሞት እጸልይ ነበር። በዚያ ዕድሜ መሞት ከመኖር ይልቅ ቀላል ይመስላል።

አንድ ቀን አባባ ሥራ ላይ ሳለ ማርታ መጣች። ልጇን አዝላ፣ በዘንቢል የዘይቱን ፍሬ ይዛ።

“ሉቺ፣ እኔ ነኝ” አለች።

“ሃይማኖቷን የካደች እህት የለችኝም” ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ወዲያው አልሄደችም። ልጁ ሲያለቅስ፣ እሷም እሹሩሩ ስትለው ይሰማኛል። በኋላ በሩን ስከፍት ዘይቱኑ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ለእምነቴ የመሰከርኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ዓመት አለፈ። ምሥጢረ ሜሮን ለመቀበል ስዘጋጅ፣ በአንድ የጥር እሑድ መልእክቱን እንዳነብ ታዘዝኩ። እሳቱ የተጠቀሰበት ቦታ ስደርስ በማርታ ላይ የዘጋሁት በር ፊቴ መጣ። እንደምንም ጨርሼ ወረድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ለሲስተር ጸጌ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ለአባ ልናዘዝ?” አልኩ።

“ትናዘዣለሽ። መጀመሪያ ግን መልካ ጀብዱ ሂጂ” አሉኝ። “አንበሳ ድሬዳዋ ውስጥ ከየት ታመጫለሽ፣ ልጄ? እህትሽ ግን ቅርብ ናት።”

በትንሿ አውቶቡስ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጨናንቄ ሄድኩ። የድሬ ጥር ነፋሱ ደግ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ላብ አጠመቀኝ። ግራና ቀኙ ቁልቋልና አቧራ ነው፤ እኔ የማየው ግን የማርታን ፊት ብቻ ነበር። ብታባርረኝስ?

በሩን የከፈተው አብዲ ነው። አወቀኝ። በኦሮምኛ “ሴኒ” አለኝ፤ ግቢ ማለቱ ነው።

ማርታ ሊጥ በነካው እጇ ወጣች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በክርኗ ደገፈችኝ።

“ተይ አቦ! በልተሻል?”

“ይቅር በይኝ።”

“በልተሻል ወይ ነው የምልሽ፣ ሉቺ።”

ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ። በእነሱ ማዕድ ለማማተብ አፍሬ ሳመነታ፣ “አማትቢ እንጂ፤ እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ?” አለችኝ።

ቤት ስመለስ አባባ የት እንደዋልኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታ ጀመር።

“ልጁ ማንን ይመስላል?” አለኝ በመጨረሻ።

“አንተን።”

በዓመቱ ራሱ መልካ ጀብዱ ሄደ።

አባባም ሲስተር ጸጌም ዛሬ የሉም። ማርታና እኔ አርጅተናል፤ እሷ ረመዳኗን ትጾማለች፣ እኔ ዐቢይ ጾሜን። ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ብዙ ስብከትም ሰምቻለሁ። ስለ ይቅርታ በጸለይኩ ቁጥር ግን ፊቴ የሚመጣው፣ ቅዳሴ ካስቀደሰች ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበው የእህቴ መልክ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ለእግዚአብሔር ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም።