የጋሽ ሣህሌ ጨዋ መንገድ

ቦንጋ ውስጥ እንደ ጋሽ ሣህሌ ባጃጅ የሚከበር ነገር አላየሁም። እሳቸው ሲመጡ መንገድ ላይ የሚገተር ሰው የለም። ይኮሩበታልም።

«የቦንጋ ሰው ጨዋ ነው» ይሉኛል ጠዋት ወደ ቢሮ ሲወስዱኝ። «ሌሎቹ ሾፌሮች እግረኛው አስቸገረን ይላሉ። እኔ በበኩሌ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ ከኋላ ወንበር የባጃጇን ብረት በሁለት እጄ አንቄ አያለሁ። ተማሪው ቦይ ይዘላል፣ ባለፍየሏ ፍየሏን በቀንዷ ጎትታ አጥር ትጠጋለች፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ድንጋይ ላይ ይወጣል። ከሌላ አገር ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ ዝም እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጋሽ ሣህሌ አያዩም። ቅርቡን እንደ ነገሩ ያያሉ፣ ከባጃጇ አፍንጫ ወዲያ ያለው ግን ለእሳቸው ጉም ነው። ቦንጋ ደግሞ የራሷ ጉም ስለማያንሳት በእሷ ያሳብባሉ። አንድ ቀን መነጽር እንዲያደርጉ ብመክራቸው ቱግ አሉ።

«አንተስ ብትሆን፣ ሾፌሩ መነጽር ያደረገ ባጃጅ ውስጥ ትገባለህ? የማያይ መሆኑን ፊቱ ላይ ለጥፎ እየዞረ!»

እንዲህ ያለ ሙግት ተወልጄ አልሰማሁም። ሰውየው የማያዩ እንዳይመስሉ ሳያዩ ይነዳሉ!

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ሲነዱ ቆይተው አጥር ሥር ቀጥ አሉ። «እመቤቴ፣ ይግቡ እንጂ» አሉ። መልስ የለም። «እንደምን አደሩ? እየዘነበብዎት እኮ ነው!» አሁንም ጸጥ። ጋሽ ሣህሌ በሰላምታ አይቀልዱም። ሞተሩን አጥፍተው ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን አስግገው፣ «አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው ለመኑ። የለመኑት በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ አጥር የተደገፈ ቆጮ ነበር። ገበያ ልትወስደው ያቆመችው ቆጮ ሻጯ ሩሀማ ከአጥሩ ወዲያ አፏን በነጠላዋ አፍና በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ኩሩ ሴትዮ ናቸው» አሉኝ ሞተሩን እያስነሱ።

በዚህ ስስቅ ሰነበትኩ። ሳቄን የቀማኝ የገበያ ቀን ነው። ከገበያው በታች ባለው ኩርባ ስንታጠፍ እግረኛው እንደ ልማዱ ቦይ ለቦይ ተበተነ። አንዲት ሴት ብቻ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ፈገግ ብለው፣ ካሉበት ሳይነቃነቁ ቆሙ። «ጋሽ ሣህሌ!» ብዬ ጮህኩ። የባጃጇ ጎን ዘንቢሉን ገጨው፤ ቲማቲሙ ተበተነ፣ ሴትዮዋም ጭቃው ላይ በቂጣቸው ተቀመጡ።

«የማን ሚስት ናት እንዲህ መንገድ ላይ የምትገተር?» አሉ ጋሽ ሣህሌ በንዴት።

«የእርስዎ» አልኳቸው።

እትዬ ትርንጎ አልተጎዱም፣ አልተሳደቡምም። ብቻ ጋሽ ሣህሌ ሲያነሷቸው፣ «እኔን እንኳ አያጣኝም ብዬ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከእንግዲህ ባጃጅህ ውስጥ አልገባም» ብለው ጭቃቸውን ሳያራግፉ በእግራቸው ሄዱ። ሰውየው በጣም አናደዱኝ፤ ቲማቲሙን በዳበሳ ሲለቅሙ ሳይ ደግሞ አንጀቴን በሉት።

ጋሽ ሣህሌ ሆስፒታል ሄደው ተመረመሩ። የተመለሱት የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርገው ነው። በመጀመሪያው ጠዋት የገባሁላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ገና መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ተማሪው ቦይ ዘለለ፣ ፍየሏ ተጎተተች፣ ትራፊኩ ድንጋዩ ላይ ወጣ።

ጋሽ ሣህሌ ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞሩ። «ምን መጣ? ሰዉ ምን አይቶ ነው የሚሸሸው?»

«እርስዎን ነው።»

ባጃጇን አቆሙ። የቦዩን ሕዝብ አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያ በኋላ የነዱት ነገር መንዳት አይባልም። ዶሮ ቀደመችን። ኩርባው ጋ ስንደርስ እትዬ ትርንጎ ዘንቢላቸውን ይዘው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ቦይ ውስጥ ያለው ሰው፣ «ኧረ እትዬ!» ብሎ ይጮኻል፣ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ፈገግታ ግን የላቸውም። ብረቱን አነቅኩ።

ጋሽ ሣህሌ ኳስ ሜዳ የሚያህል ርቀት ሲቀር ቆሙ። ወርደው በእግራቸው ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ።

«ትርንጎ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ቀሚስሽ አበባ አለው እንዴ?»

«ገዝተህ ያመጣህልኝ አንተ ነህ።»

«አበባ እንዳለው ማንም አልነገረኝም!»

እትዬ ትርንጎ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ተያይዘን ወደ ባጃጇ ተመለስን፤ እትዬ ትርንጎ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና ዘንቢሉን እኔ ጭን ላይ አኖሩት።