የማሩ ጓንት

ዛሬ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ ያገለገለ የአጨዳ ጓንት አንስቼ አሸተትኩ፤ ያው የሰሊጥ ሽታ ነው።

በወጣትነቴ እዚሁ ሱዳን ዶካ ሰሊጥ ስናጭድ ዓርብ ዓርብ ኳስ እንጫወት ነበር። አንድ ዓርብ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መጣብን። ወረቀት ስላልነበረን ሁላችን ሮጠን ሰሊጡ ውስጥ ገባን፤ በረኛችን ማሩ ግን ጎሉን ትቶ ለመሮጥ ዘገየ። በመኪና ጭነው ወሰዱት። ስንመለስ፣ በረኛ ሲሆን የሚያጠልቀውን የአጨዳ ጓንቱን መሬት ላይ ወድቆ አገኘነው።

ከሁላችን በዕድሜ የገፉት አባ ጥጋቡ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። “እስኪመጣ አንተ ቁምለት፣ ልጄ። ጎሉን ባዶ ካገኘው ተስፋ የቆረጥንበት ይመስለዋል።”

ጓንቱ በላቡ ገና እርጥብ ነበር። አጥልቄው ቆምኩ፤ የተመታው ኳስ ሁሉ ገባብኝ፤ የተቆጣኝ ግን የለም።

አጨዳው አለቀ፣ አባ ጥጋቡ ሞቱ፣ ጦርነትም መጣ። ማሩ አልመጣም።

“ለራስህ ነው?” አለኝ የገበያው ጓንት ሻጭ።

“የለም፣ የሰው ነው” አልኩና ጓንቱን ቦታው መለስኩት።