ሦስት ቀን በዝግባ መንገድ

ግሌንዳ ፕሪቸት ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ደግማ አዞረች። ጠቅ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ጠቅታውም ደከመ። እጇን ከቁልፉ ላይ አንሥታ በመስኮት ስታይ ከርት ሃልቨርሰን በረንዳው ላይ ቆሞ እያያት ነበር። ሰውዬው ሲስቅ ጥርሱ አይታይም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አሁንም ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

መኪናው ቤቷ ነው። ከፊት ሲያዩት የጭነት መኪና፣ ከጎን ሲያዩት መስኮትና መጋረጃ ያለው ጎጆ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሰው የማይዞርበት ጠባብ መታጠቢያ አለው። የፖርት ኬልሲ ከተማ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና መንገድ ዳር ከሦስት ቀን በላይ አያስቆምም። ሦስት ቀን ሲሞላ በራሱ ሞተር ካልተነሣ ጎታች መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የተወሰደ ሲመለስ ግሌንዳ አላየችም። ያየችው አጠገቧ ይቆም የነበረው ሽማግሌ ቤቱ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲሄድ፣ ድመቱን ታቅፎ የመንገድ ጠርዝ ላይ ሲቀር ነው።

ዝግባ መንገድ ላይ የቆመችው ሰኞ ቀትር ላይ ነው። ሃልቨርሰንን ልታናድድ ብላ አልነበረም። ከተማው ኮረብታ ነው፤ ሜዳ መንገድ እንደ ልብ አይገኝም። የእሷ ማቀዝቀዣ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ነውና መኪናው ካዘመመ አይቀዘቅዝም፤ ወተቱ ይበላሻል። የሃልቨርሰን ደጅ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነበር። ቆማ የእጅ ፍሬኑን ሳትስብ ሰውዬው ጠመኔ ይዞ ወጣ፤ የኋላ ጎማዋ ላይና አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር አሰመረ።

«ሰዓትሽን ጀምሬልሻለሁ» አላት።

«ሥራ ፈት ነህ መሰለኝ።»

«ጡረተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንቺን የማይበት ጊዜ አለኝ።»

«እንግዲያው ወንበር አውጣ፣ እግርህን እንዳያምህ።»

እውነትም ወንበር አወጣ።

ግሌንዳ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት የኖረችው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ፣ በጀርባዋ ተኝታ፣ ዘይት እየተንጠባጠበባት ነው። የተከራየችው ቤት ተሽጦ ውጪ ስትባል ኪራዩን የምትችለው ሌላ ቤት አጣች። ኢዳሆ ያለው ወንድሟ ራስል ደወለላት። «ክፍል አለኝ፣ ነይ» አለ፤ «ግን እኔ ቤት ስትገቢ አፍሽን በር ላይ ትተሽ ነው።» ግሌንዳም «አፌን ትቼ ከገባሁ ምን ይዤ ልገባ ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ይህን መኪና ከአንዲት ባልቴት ገዛች፤ አምስት ዓመት ሆናት።

እንዲህ ያለ ቤት ቁጭ ብለው የሚኖሩበት አይደለም፤ ቆመው የሚጠግኑት ነው። በየመንገዱ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎኑ ይላላል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ የቁም ሣጥኑ በር ይገነጠላል። ጣሪያው ላይ ያለው ስፌት ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ በዓመት ሁለቴ ወጥታ የቆየውን ማሸጊያ ትፍቃለች፣ አዲስ ትቀባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ውጭ ነድታ የመጸዳጃውን ታንክ ታራግፋለች። ውኃ የምትቀዳው በሳምንት አራት ቀን የሰው ልብስ እያጠበችና እያጣጠፈች ከምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ክረምት ላይ መስኮቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ በፎጣ ካልጠረገችው በሳምንቱ ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። ይህን ሁሉ ሳታማርር ትሠራለች። የሚያንገበግባት ሥራው አይደለም፤ ስትሠራ እንደ ሌባ የሚያዩዋት ዓይኖች ናቸው።

ማክሰኞ ባትሪውን ለካች፤ ሙሉ ነው። «እንግዲያው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው የሞተው» አለች። ከሥራ በኋላ ከአሮጌ መኪና መሸጫ ግቢ የታደሰ ሞተሪኖ አገኘች። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ብረት በከረጢት ይዛ በከተማ አውቶቡስ ተመለሰች። ሹፌሩ «ቦምብ አይደለም አይደል?» አላት፤ ቀልዱ አላሳቃትም።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶን አነጠፈችና ከመኪናው ሥር ገባች። ሁለቱን ብሎኖች ፈትታ፣ ያረጀውን ሞተሪኖ ደረቷ ላይ ተቀብላ ልታወርድ ስትል ጀርባዋ ቀዘቀዛት። ውኃ ነው። በመንገዱ ጠርዝ እየወረደ ካርቶኑን ያረጥባል። አንገቷን አዙራ ስታይ የሃልቨርሰን የሣር ማጠጫ እየተሽከረከረ ነው፤ እሱም አጠገቡ ቆሟል።

«ዝጋው እንጂ! ሰው ከሥር ተኝቶ አታይም?»

«ሣሩ ጠምቶታል።»

«ከሁለት ሰዓት በፊት አጠጥተኸው የለም እንዴ?»

«እንደገና ጠማው። በገዛ ሣሬ ልታዢኝ ነው?»

ግሌንዳ አልወጣችም። ብረቱ ደረቷ ላይ ነበር፤ ብትለቀው ጎድኗን ይሰብራል። ጥርሷን ነክሳ አወረደችው፣ አዲሱን አስገባች፣ አሰረች። ስትወጣ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣ ፀጉሯ ጭቃ ጠጥቶ ነበር። ሃልቨርሰን በስልኩ ይቀርጻታል። ሚስቱ መስኮት ላይ ነበረች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መጋረጃውን ሳበች።

ቁልፉን አዞረች። ጠቅ።

ሰውዬው በረንዳው ላይ «አሜን!» አለ።

ያን ጊዜ ግሌንዳ መፍቻውን ወረወረችው። የእሱ ደረጃ ላይ አርፎ ሲሚንቶውን ቆረሰ።

«ይሄም ተቀርጿል» አላት።

«እግዜር ፊትህንም ይቅረጽልህ! እያየኸው ትሞታለህ!»

መፍቻውን ልታነሣ ሣሩን ስትረግጥ «ከሣሬ ውጪ!» ብሎ ጮኸ። አነሣችው፤ ስትመለስም ሣሩን ዙሪያውን ሳይሆን መኻል ለመኻል ነው ያቋረጠችው።

ሐሙስ ቀትር ሲሆን ጎታች መኪናው መጣ። ሹፌሩ ሮይስ የሚባል፣ የሱፍ ፍሬ በጥርሱ እየፈለቀቀ ቅርፊቱን የሚተፋ ግዙፍ ሰው ነው። ብርቱካናማ ወረቀት መስታወቷ ላይ ለጠፈና በሩን አንኳኳ።

«እማማ፣ ዕቃሽን አውጪ። አሥር ደቂቃ አለሽ።»

«እማማህ እቤትህ ናት። ግሌንዳ በለኝ።»

«እሺ ግሌንዳ፣ አሥር ደቂቃ።»

«በራሱ ሞተር ከተነሣስ?»

«በራሱ ከሄደ እኔ ምን ቤት ነኝ? መጎተት እንጂ መከራከር አልተቀጠርኩም።»

ሃልቨርሰን በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተ መጣ። «አይነሣም! ሦስት ቀን ሙሉ ቀርጬዋለሁ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሰንሰለቱን እሰር!»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሣርዎ ላይ ይቁሙ» አለው ሮይስ። ይህን ያለው ለእሷ አዝኖ አይደለም፤ ሥራውን የሚያሳየው ሰው ስለማይወድ ነው። ሰንሰለቱን ግን እየዘረጋ ነበር።

ግሌንዳ ገብታ እንደገና ቁልፉን አዞረች። ጠቅ። ጠቅ። እልህ ይዟት ደጋግማ አዞረችና የሞተሩን ክዳን ከፍታ እጇን ሰደደች። ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ስትነካው ጣቷን ፈጃት፤ እጇን መንጭቃ ሳበች።

ለምን ጋለ? ያ ሽቦ ቤንዚን ለመስጠት የሚሳብ ተራ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። የተቃጠለ ጣቷን እየላሰች ቆማ ሳለ አንድ የድሮ አውቶቡስ ትዝ አላት። እሱም እንዲሁ ጠቅ ይል ነበር፤ ሦስት ሜካኒኮች ሞተሪኖ ሲቀያይሩ ሰነበቱ። በሽታው ግን ማሳው ነበር፤ ሞተሩን የመኪናው የብረት አጽም ከሆነው ሻንሲ፣ ሻንሲውን ከባትሪው የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ተበልቷል። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ ያገኘውን ቀጭን ሽቦ ሁሉ መንገድ ያደርጋል።

«ደደብ» አለች፤ ራሷን ነው።

ከአልጋዋ ሥር የባትሪ መቀጣጠያ ኬብል አወጣች። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አስነከሰችው። ሌላውን ልታስር የሞተሩን ብረት ስትፈልግ ሮይስ የፊት ጎማዋ ላይ ሰንሰለቱን እየጠመጠመ ነበር።

«አራት ደቂቃ ቀረሽ።»

«ሁለቱ ይበቃኛል።»

«ሌላ ትርኢት!» አለ ሃልቨርሰን። «ትናንት መፍቻ ወረወረችብኝ፣ ታውቃለህ? ልትገድለኝ ነበር!»

«ስታዎት ነው» አለ ሮይስ ቅርፊቱን እየተፋ።

ግሌንዳ የሞተሩን ብረት በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ዝገቱን አነሣችና ኬብሉን አስነከሰችው። ወንበሯ ላይ ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ አሰበ፣ ከዚያ ተነሣ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ጥቁር ጭስ በሣሩ ላይ አልፎ በረንዳው ድረስ ገባ። ሮይስ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታ።

ሃልቨርሰን ግን ሮጦ ከመኪናው ፊት ቆመ። ሁለት እጁን ዘረጋ። «ሰዓቱ አልፏል! ቀትር ካለፈ ስምንት ደቂቃ ሆኗል! ሕግ ሕግ ነው! አትሄጂም!»

«ዞር በል!»

«አልዞርም!»

ግሌንዳ ክላክሱን ተጭና ያዘችው። ውሻ ጮኸ፣ መስኮቶች ተከፈቱ። ሰውዬው አልተነቃነቀም። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። ከባዱ ቤት አንድ ስንዝር ወደፊት ተንፏቀቀ። «አቁሚ» አለች ለራሷ፤ እግሯ አልሰማትም። ያን ሰዓት ሰውን መጨፍለቅ ምን እንደሚመስል ፈርታ ሳይሆን ተመኝታ አሰበችው። ይህን በኋላ ለማንም አልተናገረችም።

«ጌታዬ፣ ዞር ይበሉ» አለ ሮይስ። «የዚችን ሴት ዓይን አይቻለሁ።»

ሃልቨርሰን ወደ ሣሩ ዘለለ። አንዱ ነጠላ ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ የፊት ጎማው ወጣበት፣ የኋላውም ተከተለ። ግሌንዳ በመስታወት አየችው፤ በአንድ እግሩ እየነጠረ ይሰድባታል። ፍጥነት አልጨመረችም። እንዲያየው ብላ ቀስ ብላ ነዳች።

ማታውኑ ቪዲዮው የከተማው ሰው በሚያወራበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ወጣ። ውኃውም፣ ጠመኔውም የለበትም፤ መፍቻው ሲወረወርና መኪናው ሲንፏቀቅ ብቻ ነው። በማግሥቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንዲት ሴትዮ የታጠፈ አንሶላዋን ከግሌንዳ እጅ ነጠቀች።

«አንቺ ነሽ አይደል? ሰው ልትገድዪ የነበረው?»

«ጫማ ነው የገደልኩት።»

«አያስቅም። እንዳንቺ ያለውን ነው ከከተማችን ማጽዳት።»

«አንሶላሽን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ እስኪ መጀመሪያ እሱን አሽትቺው» አለቻት። አሠሪዋ ይህን ሰምታ ከደንበኛ ፊት አንሥታ ጓሮ፣ ማሽኖቹ ዘንድ መደበቻት። ግሌንዳ እዚያ ቀረች። ለማንም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የሚጠይቃትም አልመጣም።

አዲሱ ማቆሚያዋ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘኑ አጥር ሥር ነው። እዚያ መኪና ውስጥ የሚኖሩ ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ። በደረሰች ቀን አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ የሚኖር ዴልበርት የሚባል ሰውዬ ወጥቶ «ቦታው ተይዟል» አላት።

«በማን?»

«የሚመጣ ሰው አለ።»

«ይኸው መጣሁ።»

በነጋታው የተበላውን ማሳ ፈትታ አወጣችው። እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ስትጨብጠው እንደ ደረቅ ሣር እጇ ላይ ተፈረካከሰ። ከወፍራም የባትሪ ኬብል አዲስ ቆርጣ ሠራች፣ የሻንሲውን ቀለም በሞረድ ፍቃ ብረት ለብረት አሰረችው፣ እርጥበት እንዳይገባው ግሪስ ቀባችው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ቁልፉ አንዴ ሲዞር ይነሣል።

እዚህም በየሦስት ቀኑ ይነሣሉ፤ ከአጥሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ። ዴልበርት እስካሁን ሰላም አይላትም። ባለፈው እሑድ ዝናቡ ጋብ ሲል ጣሪያዋ ላይ ወጥታ የቆየውን ማሸጊያ በብረት ትፍቅ ጀመር። ዴልበርት መስኮቱን ከፈተ።

«እሑድ እኮ ነው! ሰው ይተኛበት!»

«ዝናብ እሑድ አያውቅም» አለችው፤ ብረቱንም ከበፊቱ ይበልጥ ተጭና መፋቅ ቀጠለች።