ፋብሪካው በር ላይ የወደቅኩት ፈተና

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ፣ የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ፈተና ወደቅኩ!

ፈታኙ ጥበቃችን ኦቦ ገመቹ ናቸው። «አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ካሉኝ በኋላ ቦርሳዬን እየፈተሹ፣ «ወንጀል መፈጸም በእንግሊዝኛ ምንድነው?» አሉኝ።

«ዱ ኤ ክራይም» አልኩ በድፍረት። ዲግሪዬ እኮ ሳሎን ተሰቅሏል!

«ኮሚት ኤ ክራይም ነው እንጂ!» ብለው አንድ ደብተር አሳዩኝ። እንግሊዝኛው ሁሉ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፦ ብሬክ ዘ ሎው፣ አሬስት ኤ ሰስፔክት...

«ምን ሊያደርግልዎት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ ሕግ ተማሪ ናት። ስታጠና የሚጠይቃት ሰው የላትም። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ እሷ አነበበችልኝ፣ እኔ በፊደል ጻፍኩት። አሁን ስህተት ይዛ በእኔ በር አታልፍም።»

ቦርሳዬን መቀበል ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

እናንተንስ ስታጠኑ ማን ነበር የሚጠይቃችሁ?