በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ዝርዝር

ሙዲራችን፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ሰብስባ የነገረችን ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ ያለው የግል ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከእንግዲህ በወረቀትና በማኅተም ብቻ አይሠራም፤ ልጆቹ፣ ወላጆቹና መምህራኑ ከያሉበት ሆነው የሚጽፉበትና የሚመልሱበት የኢንተርኔት ሰሌዳ ይኖረዋል አለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ያልተማረው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እዚህ ሥራ እንደሌለው ይወቅ። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ማየትም አላስፈለጋትም፤ ከመካከላችን ሃምሳን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ካፊሌ፣ ኢቃማዬን የሚያሳድስልኝ አሠሪ፣ ትምህርት ቤቱ ነው። ሥራ ከሌለ እድሳት የለም፣ እድሳት ከሌለ ኹሩጅ ነው፤ ሻንጣ አስሮ ላይመለሱ መውጣት። ሌላው አገሩ ይገባል። እኔ የምገባበትን ቤት ወንድሜ በስሙ አዙሮታል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንድታስተምረኝ የተመደበችው ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራው ያገሬ ልጅ ናት። በትምህርት ቤቱ ያለነው ሐበሾች እሷና እኔ ብቻ ነን፣ የቆየ ነገርም አለን። አል ነኺል ሰፈር ከነበረው የሰው ቤት ሥራ ወጥቼ እዚህ ስቀጠር ያስያዙኝ መወልወያ ነው። አገር ቤት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። የሥራ ልምድ ወረቀቴን ለሙዲራዋ ባቀርብ እሷ ለዚህችው ልጅ አሳየቻት። ልጅቷም እንዲህ ያለ ወረቀት እኛ አገር በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሠራል አለቻት። በሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ያቺ ንግግር ሁለት ዓመት ተጨማሪ መወልወያ አስይዛኛለች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተመደብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ያለን ሴቶች እርስ በርስ አንቺ እንባባላለን። እሷ ግን እርስዎ ትለኝ ነበር፤ ለአክብሮት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እማማ፣ ይንኩት እንጂ» ትለኛለች ታብሌቱን እያስጠጋችልኝ፤ «አይናከስም።»

ጣቴ የመጽሐፍ ሽፋን በፕላስቲክና በሙጫ ሲያለብስ የኖረ ጣት ነው፤ ደርቋል፣ ስክሪኑ አይሰማውም። አንዱን ስነካ ሌላው ይከፈታል። የጻፍኩት ይጠፋል፤ የት ሄደ ብዬ ስጠይቃት ትስቃለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አለፈ። ልጆቹ የሚያደርጉትን አሾልኬ እያየሁ ምልክቶቹን በደብተሬ ላይ በእርሳስ ሣልኩ። መደመሪያዋ ለመጻፍ፣ ቀስቷ ለመላክ። የመሰረዣውን ምልክት አልሣልኩም። አላሳየችኝም። ምናልባት አሳይታኝ እኔ አልያዝኩትም ይሆናል፤ ግን አላሳየችኝም ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ሐሙስ፣ የመውጫ ሰዓት ሲቃረብ፣ ከሥራዬ የማውቀውን በፈለግኩት ቋንቋ እየጻፍኩ እንድለማመድ ነግራኝ ሄደች። ከሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። አገር ቤት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መጽሐፍ ያልመለሰ ሰው ስሙ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ እስኪመልስም ክሊራንስ አያገኝም። ተማሪም መምህርም እኩል ነው። አንድ ዓመት የርዕሰ መምህሩን ስም በእጄ ለጥፌያለሁ። በማግስቱ መጽሐፉን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ አምጥቶ «ስሜን አንሺልኝ» አለኝ፤ አነሳሁለት። እዚህ ግን ትልልቆቹን መጠየቅ አይቻልም። የወሰዱትን በደብተሬ አስፈርሜ እይዛለሁ እንጂ ስም አልለጥፍም።

መደመሪያዋን ነክቼ አራት ስም ጻፍኩ። ከላይ ሙዲራዋን፤ ካቻምና የወሰደቻቸው ሦስት መጻሕፍት አሉ። ከስሟ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ለሌላው ስለ ሥርዓት ታስተምራለች፣ እሷ ግን አትመልስም።» መለማመጃ ነው፣ በኋላ ይጠፋል ብያለሁ። ደግሞስ በአማርኛ የተጻፈውን ከልጅቷ በቀር ማን ያነበዋል? እሷም ታንብበው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚሠራ ትየው። ቀስቷን ነካሁ። የጻፍኩት አንድ ካርድ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ትንፋሼ የተመለሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወደምንኖርበት ደማም በሚመልሰን የሠራተኞች ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ሙዲራዋ የሰሌዳውን ሊንክ ለመምህራንና ለወላጆች ሁሉ ልካለች፤ እሑድ ይመረቃል፣ ከአሁኑ ገብታችሁ እዩት ይላል። ከፈትኩት። ካርዴ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ቀድሞ ያላየኋት ትንሽ የዐረብኛ ጽሑፍ አለች፤ ተርጉም የምትል። ነካኋት። አማርኛዬ ጠፋና የሙዲራዋ ስም፣ ሦስቱ መጻሕፍት፣ ያቺ መስመር ጭምር በዐረብኛ ተደርድረው ወጡ። የዐረብኛ ንባቤ ደካማ ነው። ያንን ግን አነበብኩት።

ስልኩን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ካርዱ እዚያው አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ፊሊፒናዊት አሞሽ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አልኳት። ምልክቶቹን በሙሉ አንድ በአንድ ነካሁ፤ አንዳቸውም አላጠፉልኝም። ስሜን ሳላስገባ ስለጻፍኩ ካርዱ አናት ላይ «እንግዳ» ይላል። ሊሰርዙት የሚችሉት የሰሌዳው የይለፍ ቃል ያላቸው ልጅቷና ሙዲራዋ ብቻ ናቸው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ያቺ «እንግዳ» የምትል ቃል ከፊቴ አልጠፋችም። አማርኛ የሚጽፍ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዷ ኮምፒዩተር አዋቂ ናት፤ ሌላዋ መንካት እንኳ አታውቅም ተብሎ የሚሳቅባት ሴት። ማንን ይጠረጥራሉ? ይህ ሐሳብ ከሌላ አልመጣም፣ የራሴ ነው። ልጅቷ ጋ ደውዬ አጥፊልኝ ማለት እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ልብስ አጠብኩ፤ ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ። ከእኔ ጋር የሚኖሩት ሴቶች ስልክ በጮኸ ቁጥር እጄ ሳሙናውን ይለቅ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ራሷ ደወለች። ሙዲራዋ ይህ ያንቺ ቋንቋ አይደለም ወይ ብላ እንደጠየቀቻት፣ እሷም እሑድ በአካል እነግርሻለሁ ብላ እንደዘጋች፣ የእሷም ኢቃማ የሚታደሰው በዚያችው ሴት ፊርማ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ለምን አላጠፋሽውም አልኳት። እሷ ስታየው ሙዲራዋ ቀድማ አይታዋለች አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ብታጠፋው የጻፍኩት እኔ ነኝ እንደማለት ነው።

«ሐሙስ ዕለት ነው ያየሁት» አለች። «እርስዎ» ማለቱን ትታለች። «ዓርብን ሙሉ ጠበቅኩሽ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሙዲራዋ ነገ ካንቺ አፍ ትስማ። አለዚያ ከእኔ ነው የምትሰማው።»

እሑድ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ሙዲራዋ ቢሮ ገባሁ። ከፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ ያዝኩ። ካርዱ በዐረብኛ ስክሪኗ ላይ ተከፍቷል። የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። ኸላስ፣ አበቃ፣ የሚለውን ቃል እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን እጇን ለደብተሩ ዘረጋች። ገጹን ገለጥኩላት፤ ከሦስቱ መጻሕፍት ጎን የራሷ ፊርማ አለ። ፊርማዋን ብዙ አየችው። ደብተሩን ሌላ ማን እንዳየው ጠየቀችኝ፤ ማንም አላየውም አልኩ።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ሁለተኛው ስም የአንድ ተማሪ አባት ነበር፤ ካርዱ ሥር መልስ ጽፏል። ይቅርታ ጠይቆ ዛሬውኑ እመልሳለሁ ይላል። ሦስተኛዋም ጽፋለች። ካርዱን በሙሉ ብታጠፋው መልስ የሰጡት ሁሉ ለምን ጠፋ ይላሉ፤ ሁለታችንም ይህ ገብቶናል። የራሷን ስምና ያቺን መስመር አወጣች። የቀሩትን በትሕትና በዐረብኛ እንድጽፋቸው አዘዘችኝ።

«ሰሌዳውን ተምረሻል ማለት ነው» አለችኝ። አልሳቀችም።

ከምሳ በኋላ ከመጻሕፍቷ ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘኋቸው።

ኢቃማዬ ታደሰ። ዱሮ የሚታደሰው በዓመት ነበር፤ አሁን ለሦስት ወር ለሦስት ወር ነው የምትፈርመው። የሌሎቹን ለዓመት ትፈርማለች። በየሦስት ወሩ ያችው ወንበር ጀርባ ላይ እጄን አሳርፌ እስክሪብቶዋን አያለሁ። ሰሌዳውን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የልጆቹን ስም በዐረብኛ እለጥፋለሁ፣ ከመላኬ በፊትም አራት ጊዜ አነበዋለሁ። ልጅቷ አንቺ ትለኛለች። ስለዚያ ዓርብ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም ስለ ወረቀቴ አላነሳሁባትም።

ሦስተኛው መጽሐፍ አልመጣም። ደብተሩን አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ይዤው ነው የምገባው። ከውስጡም የሙዲራዋን ስም አላነሳሁላትም።